የክረምት ደጅ ጥናት

ጎንደር ላይ ሐምሌ ሲገባ መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፅ ነው። ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ቀሃ በአንድ በኩል፣ አንገረብ በሌላ በኩል ደፍርሰው ይጮኻሉ። ሰው ግን ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ይላል። በዚያው ሐምሌ 1 ቀን የመንግሥት ዓመት ይጀመራል። ሰኔ 30 አሮጌው በጀት ተዘግቶ በማግስቱ አዲሱ ይከፈታል። አደይ ሳትፈነዳ፣ ችቦ ሳይታሰብ፣ ቢሮው ብቻውን አዲስ ዓመት ገብቷል።

ድሮ የመንግሥት ዓመት የሚሄደው ከዝናቡ ጋር ነበር። በጋውን ንጉሡ ድንኳኑን እየነቀለ እየተከለ፣ እየዘመተና እየዳኘ ከአገር አገር ይዞራል፤ ሰማዩ ሲጠቁር ይመለሳል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ መጀመሪያ የፈለጉት ደህና መክረሚያ ነበር። መክረሚያው ሰንብቶ መናገሻ ሆነ።

በካፊያ የፋሲልን ግቢ ግንብ ተከትዬ ስሄድ በሮቹን በስማቸው መጥራት እወዳለሁ። አሥራ ሁለት ናቸው። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር ነው፤ የፈታዮቹ አደናግር በር፤ የነፊዎቹ እምቢልታ በር፤ ሙታን የሚታሰቡበት ተዝካሮ በር። ብዙዎቹ በሮች ሥራቸውን በስማቸው ይናገራሉ። ባለጉዳይ ከሩቅ አገር ቢመጣ የበሩን ስም ከሰማ የት እንደሚቆም ያውቃል። «ደጅ መጥናት» የምንለው ቃል የተወለደው እንዲህ ባለ በር ሥር ነው፤ ዛሬም አብሮን አለ።

ስለ እነዚህ በሮች ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጻፈው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከጧት ጀምሮ ሕዝብ በየቋንቋው «ጃንሆይ!» እያለ ለፍትሕ ሲጮኽ ይሰማ ነበር። ክረምት ሲሆን ግን ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ባለጉዳይ ይቀራል፤ ደጁ ጭር ይላል። ያን ጊዜ ምንም ያልተበደሉ ሰዎች በደመወዝ ተቀጥረው እንደ ተበዳይ ያለቅሱ ነበር ይላል ብሩስ። ምክንያቱን ቢጠይቅ፣ ለንጉሡ ክብር ነው፣ ቤተ መንግሥቱ ጸጥ ብሎበት ብቸኝነት እንዳይሰማው ነው አሉት።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ አዘንኩ፤ የሐሰት እንባ መቼም ያሳዝናል። ቆይቼ ሳስበው ግን ከሥሩ ቁም ነገር አገኘሁበት። እነዚያ ሰዎች ጸጥታን ሰላም ነው አላሉም። አቤት ባይ የሌለበት ደጅ አንድ ነገር እንደጎደለው ያውቁ ነበር። የጎደለው ሰው ገደል ማዶ ውሃ ሞልቶበት መቅረቱንም እኛ ማወቅ አለብን።

የእኛ ዘመን መንግሥት በክረምት አያርፍም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበት፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ የተመሠረቱበት አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። በአማራ ክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀውም በ2015 ክረምት ነው። የአገሪቱ አዋጆች የሚታተሙበት፣ በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የሕግ ጋዜጣ ስሙን ከነጋሪት ወስዷል፤ የክልላችን ደግሞ ዝክረ ሕግ ይባላል። ነጋሪት ሲመታ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። አዋጅ ወደ ታች እንዲወርድ ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ አቤቱታ ወደ ላይ እንዲወጣስ ማን ይጨነቅለት?

ባለፈው ክረምት ደባርቅ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጃናሞራ፣ ከደረስጌ በኩል ነው የመጡት። ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አወጡ፤ በውስጡ ሌላ ፌስታል፤ በውስጡ የመሬት ደብተራቸው። እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሰዋል፤ ደብተሩ ጠብታ አልነካውም።

«አባባ፣ ስንተኛ ቀንዎ ነው?» አልኳቸው።

«ሦስተኛዬ ነው ልጄ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አሉ። ማኅተም ብቻ ነው የቀረኝ።»

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከበሩ ሥር ካለው ጭቃ አልተነሳም። የደረቀው ጭቃ የትናንት ባለጉዳይ ነው፤ እርጥቡ የዛሬ። ደረስጌ ማርያም ደጃዝማች ውቤ ለገዛ ንግሣቸው ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ድል ያደረጓቸው ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ደፉባት። ዘውድ ከተደፋበት አገር የመጣ ሰው ለአንዲት ማኅተም ሦስት ቀን ሲከርም ማየት ከበደኝ።

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ሿሚውም ተሿሚውም፣ ባለጉዳዩም በአንድ አደባባይ ይቆማሉ። እንግዳ የሚያየን ያን ጊዜ ነው፤ ጥምቀትም እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ያ ደስታ እውነተኛ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ዓመቱ መልካም እንደነበር ሊመሰክሩልን የሚችሉት ግን በሐምሌ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ቢሮ ከፍታችሁ የምትቀመጡ ሁሉ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ዕቅዱን ከመገልበጣችሁ በፊት በሩን ገለጥ አድርጋችሁ ወደ ኮሪደሩ እዩ። ሰው ካለ፣ ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ የመጣ ነውና አስቀድሙት። ሰው ከሌለ ደግሞ ሰላም ነው ብላችሁ አትመለሱ፤ ውሃው ማንን እንዳስቀረ ጠይቁ።