«ኮምፒውተሩ ተናግሯል!» … እውነት ኮምፒውተሩ ነው የተናገረው?

መቼም መኪናው የታመመችበት ሰውና ራሱ የታመመ ሰው አንድ ናቸው፤ ያገኛቸው ሁሉ መድኃኒት ያዝላቸዋል። ሞተሩ እየጠፋ ያስቸገረው ደግሞ ይብስበታል። አንዱ «ካንዴላ ቀይር» ይለዋል። ሌላው «በሃይላንድ ከሚሸጡት ቤንዚን ቀድተህ ይሆናል፣ ውሃ ገብቶበታል» ይለዋል። ባጃጅ ነጂው፣ ሊስትሮው፣ የቤት አከራዩ ሳይቀሩ አስተያየት አላቸው። በዚህ ዘመን የተጨመረው ኮምፒውተሩ ነው። «ምን ያስጨንቅሃል፣ ስካን አስደርጋት! ቁጭ አድርጎ ይነግርሃል።»

ይነግራል ወይ? ይነግራል እንጂ! ጣጣው ያለው የተናገረውን በሚተረጉመው ሰው ላይ ነው።

እኔ የምነዳት እ.ኤ.አ. የ2004 ሞዴል ያሪስ ናት፣ ከአውሮፓ የመጣች። እናቴን ለደም ግፊት ክትትል ከጊምቢ ነቀምቴ የማመላልሰው በእሷ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ነቀምቴ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተዝናንታ ተቀምጣለች፤ ወደ ዴዴሳ ሲወረድ ግን አየሩ እንደ ምድጃ ይሆናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ድልድዩን አልፋችሁ ወደ ነቀምቴ ስትመለሱ ያንን ሁሉ የወረዳችሁትን መልሳችሁ ትወጣላችሁ። እናላችሁ፣ የእኔዋ ጉድ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስትያያዘው ድንገት ጸጥ! መንቀጥቀጥ የለ፣ ማጉረምረም የለ። ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ትቆምና ቁልፍ ሲዞር ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። እናቴ ኋላ ወንበር ላይ ሆና ነጠላዋን ታማትባለች። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሲያልፍ በዚያ መንገድ ላይ ቆሞ መገኘትን የሚመኝ ሰው የለም፤ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ነቀምቴ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙ ይቅር። ልጁ ትልቅ ስካነር አምጥቶ ከመሪው በታች፣ ከክሩስኮቱ ሥር ባለችው ባለ 16 እግር ሶኬት ሰካው። «ፒ 0171» የሚል ወጣ። ልጁ ሳያመነታ፣ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ግማሽ ክፍያ ቅድሚያ» አለኝ። ዋጋውን ሲጠራልኝ የእናቴ የስንት ወር መድኃኒት እንደሆነ በልቤ አሰላሁና «ተመካክሬ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ስለ ኮዱ ትንሽ ላውራ፤ አንዴ የገባው ሰው በቀላሉ አይሸወድም። እንዲህ ያለ ማንበቢያ ሶኬት በአሜሪካ በሚሸጡ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ወዲህ። ከፊት ያለው ፊደል የቅሬታውን ሰፈር ይናገራል፤ «ፒ» ከሆነ ከሞተርና ከማርሽ በኩል ነው። ቀጥላ ያለችው ዜሮ ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ትርጉም አለው ማለት ነው። 0171 ሲል፣ «ቤንዚን እየጨመርኩ እንኳ ድብልቁ አየር በዝቶበታል» እያለ ነው። አለቀ። ለምን በዛ? የተቀደደ የአየር ጎማ ሊሆን ይችላል፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር። ኦክስጅን ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ወሬውን ያመጣው መልእክተኛ ነው። እሱን ነቅሎ መጣል «ቤት ተቃጠለ!» ብሎ የጮኸውን ጎረቤት እንደ ማሰር ነው።

ሰፈራችን ዛፍ ሥር የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ዲኤክስ ኮሮላና ላንድሮቨር ሲፈቱ ሲገጥሙ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ሁላችንም «ኦቦ» ነው የምንላቸው።

«ኦቦ፣ ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰር አለ» አልኳቸው።

«እሱ ነው ያለው ወይስ ልጁ?»

ዝም አልኩ። ኮፈኑን አስከፈቱኝና ሞተሩን አስነስቼ ሲሰሙ ቆዩ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ በጣታቸው ሲያጥፉት ከታች በኩል ተሰንጥቋል። የኮዱ ነገር ይኸው። ለጊዜው በጎማ አሰሩት።

ደስ ብሎኝ ልሰናበታቸው ስል፣ «የት ትሄዳለህ ልጄ? ይሄ ሚኒሞዋን ያዛባል እንጂ ዳገት ላይ እንዲህ ቀጥ አያደርጋትም። እዚህ ስትመጣማ እንደ ጨዋ ልጅ ነው የምትቀመጠው። ስትጠፋ ነው መታየት ያለባት» አሉኝ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ የሚለቀን ሕመም የለም? እንደዚያ መሆኑ ነው። ሞተሩ እየጠፋ የሚነሳ መኪና ጋራዥ ቆሞ ቢነበብ የሚገኘው ግማሽ ወሬ ነው። ስለዚህ አንድ ወዳጄ የአውራ ጣት የምታክል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ማንበቢያ አምጥቶ ሰካልኝ። እሷ ኮድ ብቻ አይደለም የምታሳየው፤ የሞተሩን ዙር፣ ሙቀቱን፣ የቤንዚኑን ጭማሪና ቅናሽ እየሄዳችሁ ስልኩ ላይ ትደረድረዋለች። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ስልኩን ያነባል። (እየነዳችሁ ራሳችሁ እናንብብ እንዳትሉ፣ ዴዴሳ ገደሉ ሩቅ አይደለም።)

ወርደን ስንመለስ፣ ያው የለመደችበት ዳገት ላይ ጠፋች። ወዳጄ «ዜሮ! ዙሩ ባንዴ ዜሮ ሆነ!» ብሎ ጮኸ። መኪናዋ ግን ማርሽ ውስጥ እንዳለች ገና ትንከባለል ነበር፤ ሞተሩ በጎማዎቹ እየተገፋ ይዞር ነበር ማለት ነው። ነዳጅ ሲያንስ አብዛኛውን ጊዜ ዙሩ እየተንገዳገደ ነው የሚወርደው። እየዞረ ያለ ሞተር «ዜሮ» ከተባለ ግን ዙሩን የሚቆጥረው ሴንሰር ዝም ብሏል። ቁልፍ አዞርኩ፤ ሞተሪኖው ያሽከረክራል፣ ስልኩ አሁንም ዜሮ ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ፒ 0335» ብቅ አለ፤ የዋናው የሞተር ዘንግ ዙር ቆጣሪ መስመር ነው። ከእሱ ምልክት ካልመጣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን መቼ እንደሚረጭ፣ እሳት መቼ እንደሚሰጥ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይተዋል።

ወዳጄ ወዲያው ስልክ አንስቶ መርካቶ ሴንሰር ሊያዝልኝ ነበር። «ቆይ፣ ኦቦን እንጠይቅ» አልኩት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተነሳች፣ ገባን።

ኦቦ ስልኩን አላዩም። «ሽቦውን አያችሁት?» ብለው መኪናዋ ሥር ገቡ። ሴንሰሩን በቴስተር ለኩት፣ ደህና ነው። ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ግን ማሰሪያው ወልቆ የጭስ ማውጫው ላይ ተኝቷል፤ ሽፋኑ ቀልጦ መዳቡ ይታያል። ሲሞቅ ብረት ይነካል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። በየዳገቱ ግማሽ ሰዓት ያስቆመን ይህ ነበር! በየዱት፣ ጠቀለሉት፣ ራቅ አድርገው አሰሩት። የጠየቁኝን ገንዘብ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ሁለት ሰው ምሳ አይበላበትም።

ይህን የምጽፈው ስካነሩን ለማጣጣል አይደለም። እሱ ባይኖር ኦቦም ስንት ሽቦ ሲፈትሹ ይውሉ ነበር። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያለችንን እያስታመምን ነው፤ «ኮምፒውተሩ ነው ያለው» በሚል ዕቃ የሚሸጥልን ደግሞ አይጠፋም። «ኮዱን አሳየኝ፣ ቁጥሩን ጻፍልኝ» ማለት ነውር የለውም። «ከመቀየራችን በፊት በምን አረጋገጥክ?» ማለትም እንዲሁ። ኮዱን «አጥፋልኝ» ከማለታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ጥፋቱ ሲመዘገብ የነበረው ፍጥነትና ሙቀት አብሮ ተቀምጦ ይሆናል፣ ስታጠፉት እሱም ይሄዳል። ያገለገለ መኪና የምትገዙም ብትሆኑ ልብ በሉ፤ ሻጩ ትናንት ማታ ኮዱን አጥፍቶ መብራቷን ጸጥ አሰኝቶ ሊሆን ይችላል። በስልክ ስታነቡት የመኪናዋ ራስ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥቂት ቀን ተነድታም እንደገና አንብቡ። ዲኤክስ የምትነዱ እናንተ በዚህ አትጨነቁ፤ ካርቡሬተር ኮድ የለውም።

እየሄዳችሁ ሞተሩ ቢጠፋ ደግሞ አትደናገጡ። መሪው ይከብዳል፣ ግን ይታዘዛል። ፍሬኑ ውስጥ ለአንድ ሁለት ጊዜ የሚሆን ጉልበት ይቀራል፤ ደጋግማችሁ ረግጣችሁ አትጨርሱት፣ አንዴ አጥብቃችሁ ያዙት። መኪናዋ ሳትቆም ቁልፉን አትንቀሉ፣ መሪው ይቆለፋል።

ኦቦ አሁን አንድ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ይዘዋል፤ እሱ እንግሊዝኛውን ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ሽቦውን ያሳዩታል። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፣ ዳገቱ ላይ ግን አሁንም ታማትባለች። ብሉቱዟን በተመለከተ፣ ወዳጄ «ደምቢ ዶሎ ደርሼ ልመለስ» ብሎ ከወሰዳት ሁለት ወር ሆነው፤ ስደውል ኔትወርክ የለም ይላል።