በሮበን ደሴት የታሰሩት ኳስ ተጫዋቾች

ኳስ መጫወት ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው የሚል ብዙ ሰው አለ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሜዳ ላይ ቢዘገይ እናቱ ትቈጣዋለች፤ ቍጣዋም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃ የሚቀዳላትና እንጨት የሚለቅምላት ያስፈልጋታልና። ነገር ግን ኳስ ለመጫወት ብቻ ሦስት ዓመት ያህል የለመኑ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም ሕፃናት አልነበሩም። የአገራቸው ስም ደቡብ አፍሪቃ ነው።

በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1948 ዓመት ጀምሮ በዚያ አገር የነበረው የነጮች መንግሥት ሰውን በቈዳው ቀለም መለየትን ሕግ አደረገው። ጥቁር ሰው ገዢውን አይመርጥም፤ በወደደው ሰፈር አይኖርም፤ የይለፍ ደብተር ካልያዘም በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ይታሰራል። መለያየቱ ወደ ኳስ ሜዳም ገባ። በ1957 ዓመት የአፍሪቃ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በካርቱም ከተማ ሲደረግ ደቡብ አፍሪቃ ከኢትዮጵያ ጋራ ትጫወት ዘንድ ተወስኖ ነበረ። ነጭና ጥቁር በአንድነት ያሉበትን ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ወደ መጨረሻው ግጥሚያ አለፈች።

ይህን ሥርዓት የተቃወሙ ብዙ ሰዎች ተይዘው ሮበን ወደሚባል ደሴት ተጋዙ። ደሴቱ በኬፕታውን ከተማ ፊት ለፊት በባሕር ውስጥ ያለ ነው፤ ከተማይቱ ከዚያ ትታያለች፤ መሻገር ግን አይቻልም። እስረኞቹ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጡ ይውሉ ነበረ። በወኅኒ ቤት ውስጥ እንኳ መለያየቱ አልቀረም፤ ክልሶችና ሕንዶች ዳቦ ሲሰጣቸው ጥቁሮቹ አይሰጣቸውም ነበረ። የረኀብን ቀለም የሚያውቅ መንግሥት ነበረ ማለት ነው።

ማታ ማታ በየክፍላቸው ወረቀትና ጨርቅ ጠቅልለው እንደ ኳስ አድርገው ይጫወቱ ጀመር። ደግሞም በሜዳ ላይ እንጫወት ዘንድ ይፈቀድልን ብለው አለቆቹን ለመኑ። ተከለከሉ፤ እንደ ገናም ለመኑ። ሊጐበኟቸው የሚመጡት የቀይ መስቀል መልእክተኞችም ነገሩን ሰሙ። በመጨረሻ በ1967 ዓመት በታኅሣሥ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ለግማሽ ሰዓት እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። የጎሉን ቋሚና መረብ የሠሩት ባሕር ወደ ዳር ከተፋው ሳንቃና ከዓሣ አጥማጆች መረብ ነበረ።

እስረኞቹ በዚህ ብቻ አልረኩም። በ1969 ዓመት ማኅበር አቆሙ፤ ስሙንም ማካና አሉት። ማካና እንግሊዞችን የወጋ፥ በ1819 ዓመት ወደዚያው ደሴት የተጋዘ፥ ሊያመልጥም ሲል በባሕር ሰጥሞ የሞተ የኮሳ ሕዝብ ሰው ነው። ፊፋ የሚባለው የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር ያወጣውን የጨዋታ ሕግ ከወኅኒ ቤቱ መጻሕፍት መካከል አግኝተው አጠኑት፤ በእርሱም ይዳኙ ጀመር። ቡድኖችን እንደ ችሎታቸው በሦስት ደረጃ ከፈሉ፤ ዳኞችን አስተማሩ፤ አቤቱታ የሚሰማ ሸንጎም አቆሙ። ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነበረ። በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሰዎች እንኳ ስለ ጨዋታው ክርክር ሲኖራቸው በክብር ሰላምታ የሚጀምር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበረ። ይህ ለሚሰማው ያስቃል፤ ለእነርሱ ግን ቀልድ አልነበረም።

በ1970 ዓመት አትላንቲክ ሬይደርስ የሚባል ቡድን ክርክር ባለባት አንዲት ጎል ተሸነፈ። ተጫዋቾቹም ጎሏ ልትቈጠር አይገባም ብለው ተከራከሩ፤ ተቃውሟቸውን ለማሳየትም ሜዳው ላይ ገብተው ተኙ። ይህ ለሁሉም አደጋ ነበረ፤ ዘበኞቹ ሁከት ነው ብለው ያን በስንት ልመና የተገኘ ጨዋታ ሊከለክሉ ይችሉ ነበርና። ማኅበሩ በቍጣ ሊያባርራቸው በቻለ ነበር። እርሱ ግን ክስ ጻፈ፤ መልሳቸውን ተቀበለ፤ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰማ፤ ነገሩም ወራት ፈጀ። ስለ አንዲት ጎል ይህን ያህል መድከም ከልክ ያለፈ ይመስላል። ዳሩ ግን እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ሸንጎ በቀለማቸው የተናቁ ነበሩ፤ አቤት ሲሉ የሚሰማቸው፥ ጥፋተኛውም ቢሆን ቃሉን ሳይሰጥ የማይቀጣበት ስፍራ ያገኙት በዚያ ሜዳ ብቻ ነበረ።

ከሌሎቹ ተለይተው የታሰሩት እነ ኔልሰን ማንዴላ እንዲጫወቱ አልተፈቀደላቸውም። በመስኮት ይመለከቱ ነበረ፤ ኋላ ግን ግንብ ተሠርቶ ማየቱም ተከለከለባቸው። ፊፋ በ2007 ዓመት ማካናን የክብር አባል አደረገው።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ዲክጋንግ ሞሴኔኬ ይባላል። ሲያዝ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረ፤ 10 ዓመት እስራትም ተፈረደበት። በደሴቱ ሳለ ቀን ድንጋይ እየፈለጠ፥ ቅዳሜ የኳስ ተጫዋቾችን ክርክር እየሰማ፥ በትርፍ ጊዜው ሕግ ተማረ። የመለያየቱ ሥርዓት በ1994 ዓመት ከወደቀ በኋላም ከ2005 እስከ 2016 ዓመት ድረስ የደቡብ አፍሪቃ ምክትል ዋና ዳኛ ሆኖ በወንበር ተቀመጠ።