ሃሎዊን፣ በሶ እና የልጆቻችን ሳህን

ኦክቶበር እያለቀ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሱቁ ሁሉ ብርቱካናማና ጥቁር ለብሷል፣ የጎረቤት ደጃፍ ላይ የፕላስቲክ አጽም ተንጠልጥሏል፣ ልጆቻችን ደግሞ ከትምህርት ቤት አንድ ጥያቄ ይዘው ይመለሳሉ። “እኛስ?” ይላሉ። “እኛስ ምን እናደርጋለን?”

ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ እኛ ቤት ስለተገኘው መልስ ነው። መልሱ ሳህን ነው። ኦቨን ሳይበራ የሚሠራ፣ ጾምም የማያስፈታ የመክሰስ ሳህን። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኔ የሃይስኩል አስተማሪ ነኝ እንጂ ሼፍ አይደለሁም። ሀገር ቤት በዲፕሎማ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ፣ እዚህ ሜሪላንድ መጥቼም ከክፍል አልወጣሁም። የምግብ እውቀቴ ባለቤቴ የማታ ሽፍት ስትገባ ሁለት ልጆች ከማብላት የመጣ ነው። ኦቨናችንን ደግሞ አትጠይቁኝ፤ እንደ ብዙዎቻችሁ ቤት የድስትና የመጥበሻ ማስቀመጫ ነው። ለአንድ ሳህን ብስኩት ብሎ ያንን ሁሉ ዕቃ የሚያወጣ ሰው የለም። ስለዚህ የማይጋገር ነገር መፈለግ ለእኛ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሃሎዊን ሐበሻ ቤት ዝም ብሎ አይገባም፣ ጭቅጭቅ ይዞ ነው የሚገባው። ሴት ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ጓደኞቿ የሚያደርጉትን ማድረግ ትፈልጋለች። ባለቤቴ “ሰይጣንና ሬሳ ቤቴ አይገባም” ባይ ናት። አማቴ ደግሞ ከሀገር ቤት መጥተው አብረውን ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ ማርያም ናት። በዚያ ላይ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ጾመ ጽጌ ነው። የፈቃድ ጾም ቢሆንም አማቴ አንድም ቀን አያጓድሉም። “በጽጌ፣ በማርያም ዕለት የራስ ቅል ተሰቅሎ ልይ?” ሲሉ ምን ተብሎ ይመለስላቸዋል?

ታሪኩን ባጭሩ ነገርኳቸው። ስሙ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፣ ሃሎዊን ማለት የዚያ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ከዚያ በፊት አይርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ መኸር አልቆ ክረምት ሲገባ የሚከበር ሌላ በዓል ነበር፤ በዚያ ሌሊት ሙታን ይመላለሳሉ ይባል ነበር። ሁለቱ ተቀላቀሉና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአይርላንድ ስደተኞች ጋር አሜሪካ በሰፊው ገቡ። አይሪሾቹ ሀገራቸው እያሉ ፊት የሚቀርጹት ተርኒፕ በሚባል ድንች መሳይ ሥር ላይ ነበር። እዚህ ሲመጡ ዱባ አገኙ። ዱባው ትልቅ ነው፣ ለመቅረጽም ይቀላል፣ በዚያው ቀጠሉ።

አማቴ ይህን ሰምተው ዝም አሉና “አሃ፣ ስደተኛ ባገኘው ነገር የሠራው ነው በለኛ” አሉ። እኔ በሁለት ገጽ የማልጨርሰውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ቤት ለቤት መዞሩማ ለእኛም አዲስ አይደለም። ቡሄ ላይ ጅራፍ አጩኸን፣ ሆያ ሆዬ ጨፍረን፣ ሙልሙል ተቀብለን ነው ያደግነው። ልዩነቱ እኛ የማንን በር እንደምናንኳኳ እናውቅ ነበር።

ለምንድነው ግን ለአንድ ቀን ከረሜላ ይህን ያህል የምጨነቀው? ያስጨነቀኝ ሥራዬ ነው። ሃይስኩል ውስጥ የእኛን ልጆች አያለሁ። 15፣ 16 ዓመታቸው ነው። ጎበዞች ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ሁለት ሰው ሆነው ነው ያደጉት፤ ቤት ሌላ፣ ትምህርት ቤት ሌላ። አንዱ ወላጆቹ መፈርም ያለባቸውን የኮሌጅ ወረቀት ሳምንት ሙሉ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ሲዞር አገኘሁት። ለምን አላሳየሃቸውም ስለው “ቤት ምንም አልጠይቅም። ሦስተኛ ክፍል ነው መጠየቅ ያቆምኩት” አለኝ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግራችሁ ነው የነገረኝ።

ከዚያ ወዲህ ትንሿን “እኛስ?” ማለፍ አልሆነልኝም። ልጅ በሰባት ዓመቱ ስለ ከረሜላ ሲጠይቅ የሚሰማው ካጣ፣ በ16 ዓመቱ ስለ ትልቁ ነገር አይጠይቅም።

“አይሆንም” ማለት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሃሎዊንን ጭራሽ የማያስገባ ቤት አለ፣ እምነቱ ነው፣ ይከበርለት። እኔ የምፈራው “አይሆንም” ብቻዋን ስትቀር ነው። ከጎኗ “ይልቅ ነይ ይህን እንሥራ” የምትል ቃል ያስፈልጋታል።

እኛ ቤት የተስማማነው እንዲህ ነው። አጽም የለም፣ ደም የሚመስል ነገር የለም፣ ጠንቋይ የለም። ዱባ አለ፣ ሸረሪት አለ፤ እነሱን እግዜር ነው የፈጠራቸው። ሕንፃችን ሥር ባለው አዳራሽ የጎረቤት ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ልጄ የንብ ልብስ ለብሳ፣ ሳህኗን ይዛ ትወርዳለች። ሳህኑ ላይ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው።

1. የማንደሪን ዱባ። ማንደሪን ላጡ፣ ነጩን ክር አጽዱለት፣ አናቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ቀጭን የኪያር ቁራጭ እንደ ግንድ ሰኩበት። ዱባ ሆነ። የአራት ዓመቱ ልጄ ሃያውን ብቻውን ይሠራል፣ አምስቱን እየበላ።

2. ነጠላ የለበሰች ሙዝ። ፈረንጆቹ መንፈስ ነው የሚሉት፤ ባለቤቴ “ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ናት” ብላ አሳለፈቻት። ሙዙን ልጣችሁ መሃሉን አግድም ቁረጡ፣ በተቆረጠው በኩል አቁሙት፣ ሁለት የቸኮሌት ጠብታ ለዓይን፣ አንድ ለአፍ። ሎሚ ቀቡት። ሙዝና አፕል የሚጠቁሩት ውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ነው፤ የሎሚው አሲድ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል። (አስተማሪ ነኝ፣ ቻሉኝ።) ለጾመኛ ጥቁር ቸኮሌት ግዙ፣ ግን ወተት እንዳይኖርበት ማሸጊያውን አንብቡ።

3. የአፕል አፍ። ቀይ አፕል ከነልጣጩ ቆራርጣችሁ፣ ሁለት ቁራጭ እንደ ከንፈር አድርጉ። መሃሉን የሱፍ አበባ ቅቤ ቀቡት፣ ለጥርስ የተፈለፈለ የሱፍ ፍሬ ደርድሩበት። ፈረንጆቹ ለጥርስ ማርሽሜሎ ነው የሚያደርጉት። ማርሽሜሎም፣ ትል የሚመስለው የሚለጠጥ ከረሜላም አብዛኛውን ጊዜ ጀላቲን አለባቸው፤ ጀላቲን ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ይሠራል። ጾመኛውም ሙስሊም ጎረቤታችሁም ሳያውቁ እንዳይበሉት አስቡላቸው።

4. የፈንዲሻ እጅ። ለምግብ የሚሆን ንጹህ የፕላስቲክ ጓንት ውሰዱ፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ አንዳንድ ዘቢብ ለጥፍር አስገቡ፣ ቀሪውን በፈንዲሻ ሙሉና እሰሩት። ለቡና ያፈነዳነው ፈንዲሻ ሲተርፍ ነው የምንሠራው።

5. መጥረጊያ። ይህ ለማይጾሙት ነው። በክር በክር የሚተለተለውን አይብ በአጭሩ ቆርጣችሁ ግማሹን ተልትሉት፣ ካልተተለተለው በኩል የፕሬትዝል እንጨት ሰኩበት። አማቴ ሲያዩት “የእኛ የሰፈር መጥረጊያ!” ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፣ ቁርጥ እሱን።

6. የበሶ ሸረሪት። የሳህኑ እመቤት እሷ ናት። ልጄ ከቪዲዮ ላይ የቸኮሌት ኳስ አይታ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ታቦካለች። እኔ ደግሞ ጥሬ ዱቄት አይበላም አልኳት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ያልበሰለ የስንዴ ዱቄት የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል፣ እንቁላል ባይገባበትም። ልጅቷ አኮረፈች። አማቴ ከሶፋው ሆነው “በሶ አለ አይደል እንዴ?” አሉ።

ወገኖቼ፣ በሶ እኮ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ነው። ፈረንጅ የማይጋገር መክሰስ ብሎ ቪዲዮ የሚሠራለትን ነገር የእኛ እናቶች ጭብጦ፣ ጭኮ እያሉ ለመንገደኛ ስንቅ ሲያሲዙ ኖረዋል።

አሠራሩ፦ አንድ ኩባያ ፍሬው የወጣለት ተምር በሙቅ ውሃ አርሳችሁ አድቅቁት። ሁለት ኩባያ በሶ፣ ግማሽ ኩባያ የሱፍ አበባ ቅቤ፣ ሁለት ማንኪያ ካካዎ፣ ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ እሹት። ከደረቀ የተምሩን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ አክሉበት፣ በእጅ ሲጨበጥ እስኪይዝ ድረስ። አድቦልቡሉት፣ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ። ከዚያ የተሰበረ የፕሬትዝል እንጨት በእያንዳንዱ ጎን አራት አራት። ስድስት አይደለም፣ ስምንት! ስድስት እግር ያለው ነፍሳት ነው፣ ሸረሪት ስምንት ነው። ለዓይን ሁለት የቸኮሌት ጠብታ።

አሁን ሳህኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ።

አለርጂ የፈረንጅ ቅብጠት አይደለም፣ ሕፃን ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። በአሜሪካ ሕግ የታሸገ ምግብ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለባቸው 9 ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉት፣ እንደ ካሹና ዋልነት ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ። ሰሊጥ የተጨመረው በፈረንጆች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። እኔ በኦቾሎኒ ቅቤ ፋንታ የሱፍ አበባ የምለው ለዚህ ነው። ገብስ ከ9ኙ ውስጥ የለም፤ ግን ግሉተን ስላለው ስንዴ የማይስማማው ልጅ በሶም ላይስማማው ይችላል። ከሀገር ቤት በሻንጣ የመጣ በሶ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ከእሱ በፊት ምን እንደፈጨ ማሸጊያ የለውም የሚነግራችሁ። ስለዚህ ከሳህኑ ጎን ምን ምን እንደገባበት በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ እናቱን ሳትጠይቁ አትስጡ።

ከአራት ዓመት በታች ላሉ ፈንዲሻና ደረቅ ፍሬ አይሰጥም፣ ያንቃል። ወይን ካቀረባችሁ በቁመቱ ሰንጥቁት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር የገባበት ነገር አይቀመስም። አይብና የተቆረጠ ፍራፍሬ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ቤት የተሠራ ምግብ አይቀበሉም። እንደዚያ ከሆነ ማንደሪኑን ሳትልጡ ልጣጩ ላይ በማርከር ዓይንና አፍ ሳሉበት፤ መላክ ይቻል እንደሆነ ግን አስተማሪዋን ጠይቁ። በር ለሚያንኳኩ የማታውቋቸው ልጆችም ቤት የሠራችሁትን አትስጡ፣ ወላጆቻቸው ይጥሉታል፣ አይፈረድባቸውም። ከረሜላ መስጠት ካልፈለጋችሁ ደጃፋችሁ ላይ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዱባ አስቀምጡ። በፈረንጆች ከ2014 ጀምሮ በሀገሩ ሁሉ የታወቀ ምልክት ነው፤ “እዚህ ቤት ምግብ ያልሆነ ስጦታ አለ” ማለት ነው። እርሳስ፣ ስቲከር፣ የሚያበራ አምባር ይበቃል።

አምና ሳህኑ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ያለቀው ማንደሪኑ ነው። ሸረሪቷን ማንም አልነካም። ልጄ ጎኗ ቆማ ስታይ ሆዴ ባር ባር አለ። በኋላ አንድ የኤል ሳልቫዶር ልጅ “ይህ ምንድነው?” አላት። “ሸረሪት ነው። አያቴ ናት የሠራችው። ከኢትዮጵያ ነው” አለችው፣ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ። ልጁ በላ። ሌላ ደገመ። እሷ ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ለአማቴ “እማማ፣ ሸረሪትሽ አለቀች!” አለች። ሁለት ግን ተርፈው ነበር፣ በመንገድ ላይ በላኋቸው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። ባለቤቴ ዛሬም አዳራሹ አትወርድም። አማቴ ማርያምን ተሳልመው፣ በሶውን አሽተው ይሰጡንና ክፍላቸውን ዘግተው ይጸልያሉ። ልጄም ይህን ታያለች። አያቷ ያላመኑበትን እንደማያደርጉ፣ ግን እሷን ብቻዋን እንደማይልኳት ታያለች። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ዘንድሮ ትእዛዙ አርባ ሸረሪት ነው፤ ያ የሳልቫዶር ልጅ እናቱን ይዞ እንደሚመጣ ተነግሮናል። በሶ ያላችሁ ጎረቤቶች ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ የእኛ እያለቀ ነው።

እናንተስ ቤት “እኛስ?” ስትመጣ ምን ትመልሳላችሁ? የምታከብሩም፣ የማታከብሩም ጻፉልኝ። አንድ ላይ መጨቃጨቅም ቤተሰብነት ነው። ለአዲስ መጤ ወላጅ ይጠቅማል ካላችሁ ሼር አድርጉት።

ቸር ያሰማን።