ስለ ራስሽ ንገሪን

ልጆች ለሥራ ቃለ መጠይቅ በሚቀርቡበት ጊዜ ምን ማድረግና ምን መናገር እንደሚገባቸው ምክር የማይሰጥ ወላጅ የለም። እኛም በመምህርነት ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ስለ ቆየን፥ በዚህ ረገድ ብዙ ወጣቶችን ስንመክር ኖረናል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለእኅታችን ልጅ የሰጠናት ምክር ስሕተት ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ይህንኑ ሳንሸሽግ ለአንባብያን መንገር ግዴታችን መስሎ ታየን።

ልጅቱ በሂሳብ አያያዝ ትምህርት የተመረቀች ናት። ያስተማረቻትም እናትዋ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው። እኛ በወጣትነታችን በአራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን የሥራ ማስታወቂያ እናነብ እንደ ነበረ፥ እርስዋም ከተመረቀች በኋላ ዓመት ሙሉ ጧት ጧት በስልክዋ ላይ ማስታወቂያ ስትፈልግ ከረመች። በመጨረሻ በአንድ ድርጅት የጽሕፈት ፈተና ተፈትና አለፈችና የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ለቃለ መጠይቅ ጠራት። በዋዜማው ወደ ቤታችን መጥታ፥ «ጋሼ፥ ምን ልበላቸው?» ስትል ጠየቀችን።

እኛም፥ «ልጄ፥ ዐንገትሽን ደፍተሽ ግቢ፤ ብዙ አትናገሪ፤ ራስሽን አታመስግኚ፤ ሥራሽን ሲያዩ እነርሱው ያመሰግኑሻል» ብለን መከርናት። ይህንንም ያልነው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን እንደ መሆናችን መጠን፥ «ዐወቅሁ» ማለት ነውር መሆኑን ገና በልጅነታችን ተምረናል። ዝም አይነቅዝም የሚለውንም ተረት ስንጠቅስ ኖረናል።

ልጅቱ የነገርናትን ሁሉ ፈጸመች። ጠያቂዎቹ ሦስት ሰዎች ነበሩ። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ቢሏት፥ «እኔ እንኳ ይህን ያህል የምናገረው የለኝም» አለች። «ከሌሎች መርጠን አንቺን የምንቀጥረው ስለ ምንድን ነው?» ቢሏት፥ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ዝም አለች። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አመስግነው አሰናበቷት፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኅታችን አልወቀሰችንም። ቡና እየቀዳችልን፥ «የነገርሃትን ሁሉ አድርጋለች፤ አንድም አላጐደለችም» አለችን እንጂ። ያን ቀን ቡናው መረረን።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ለመረዳት፥ ዛሬ በሌላ መሥሪያ ቤት በሠራተኛ ቅጥር ሥራ ላይ የሚገኘውን የቀድሞ ተማሪያችንን ጠየቅነው። እርሱም እንዲህ አለን፦ «መምህር፥ እኛ ልብ መርምረን አናውቅም። በፊታችን የተቀመጠው አንድ ቅጽ ነው፤ በቅጹም ላይ ለሙያ ዕውቀት፥ ለመግባባት ችሎታ፥ ለሥራ ፍላጎት ነጥብ መስጫ አለ። ሰውየው ካልተናገረ ነጥቡን በምን ላይ እንስጥ? ዐንገቱን የደፋው ትሑት ይሁን ወይም ያልተዘጋጀ በምን እንለየዋለን?»

ይህን ሰምተን ወደ ቤታችን ስንመለስ የቅኔ ቤት ዘመናችን ትዝ አለን። በዚያ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ሲቈጥር ውሎ፥ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል። «እኔ ባለ ቅኔ ነኝ» ብሎ አይመካም፤ ነገር ግን ዝምም አይልም። ያዘጋጀውን ያቀርባል፤ መምህሩም ሰምቶ የጐደለውን ያርምለታል። ስለ ትሕትና ብሎ ዝም ቢል ኖሮ ከጉባዔ ቃና ሳያልፍ ይቀር ነበር። እንግዲህ የተማርነው ትሕትና ራስን አለማመስገንን እንጂ ሥራን መደበቅን አልነበረም። መክሊቱን በመሬት የቀበረውም አገልጋይ በትሕትናው አልተመሰገነም። እኛ ግን ለልጅቱ የነገርናት ግማሹን ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ እኅታችን ቤት ሄደን ይቅርታ ከጠየቅን በኋላ፥ አራት ምሽት ከልጅቱ ጋር ተቀመጥን። «ትጉህ ነኝ፥ ታማኝ ነኝ» ማለትን ከለከልናትና፥ «ምን ሠራሽ?» እያልን ጠየቅናት። መጀመሪያ፥ «ምንም» አለች። ቈይቶ ግን፥ ለልምምድ በተላከችበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ደረሰኞችን ከመዝገቡ ጋር ስታመሳክር ሁለት ጊዜ የተጻፈ 1,400 ብር ማግኘትዋን ነገረችን። ደግሞም ከ9ኛ ክፍል ጀምራ የእናትዋን የጤፍ፥ የመብራትና የዱቤ ሂሳብ በደብተር ትይዝ እንደ ነበረ ሰማን። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» አለችን። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ እንጀራ ስንበላ ደብተሩን አይተነው አናውቅም ነበር!

እያንዳንዱን ነገር መቼ እንደ ሆነ፥ እርስዋ ምን እንዳደረገች፥ ምን ውጤት እንደ ተገኘ በአጭሩ መናገርን ተለማመደች። የማታውቀውን ሲጠይቋት «አላውቀውም» ብላ፥ ከየት አግኝታ እንደምትማረው እንድትገልጽ ነገርናት። አንድ ጎረቤት ያልሠራችበትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ አስጽፍላታለሁ ብሎ ነበር፤ እናትዋ፥ «በሐሰት የገባች በሐሰት ስትጨነቅ ትኖራለች» ብላ መለሰችለት።

ከሁሉ የከበዳት የጠያቂውን ፊት ቀና ብሎ ማየት ነበር። ታላቅን ትኵር ብሎ ማየት ነውር ነው እየተባለች ያደገች ልጅ ስለ ሆነች፥ በእኛ ላይ ስትለማመድ ሦስት ጊዜ ሳቋ አመለጣት። የቀረው ቀላል ነው፦ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ፥ ዋናውን ማስረጃና ፎቶ ኮፒውን በየተራው አደራጅቶ መያዝ፥ ስልክ መዝጋት፥ ስለ ድርጅቱ ሥራ አስቀድሞ ማንበብ፥ በመጨረሻም ስለ ሥራው አንድ ጥያቄ መጠየቅ።

በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ስለ እናትዋ ደብተር በተናገረች ጊዜ ጠያቂዎቹ ደጋግመው ጠየቋት። ሆኖም ስምዋ የወጣው በተጠባባቂነት ስለ ነበረ እጅግ አዘነች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የተመረጠው ሰው ባለመቅረቡ ተጠራች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ይህን ስንጽፍ 23 ቀን ቀርቷታል። ከእንግዲህ የሚናገርላት ሥራዋ ነው።

አባቶቻችን ዝም አይነቅዝም ሲሉ፥ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ማለታቸውንም ወላጆች አንርሳ። እኛም ከዚህ ወዲህ በክፍላችን ዐርብ ዐርብ እያንዳንዱ ተማሪ ተነሥቶ በሳምንቱ የሠራውን አንድ ነገር፥ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፥ ለጓደኞቹ እንዲናገር እናደርጋለን። መጀመሪያ ሁሉም ዐንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ አሁን ግን ተራ የሚሻሙ ሆነዋል።