የተበላሸ አማርኛ አይደለም



ባለፈው ዒድ ልጆቻችንን ይዘን ወሎ፣ ሾንኬ፣ እናታችን ዘንድ ሄድን። እናታችን በአርጎብኛ ስታጫውታቸው የሰባት ዓመቱ ልጃችን ወደ እኛ ጠጋ ብሎ፣ «አባዬ፣ እማማ ለምን አማርኛ ታበላሻለች?» አለን። እናታችን ሰማች። መልስ አልሰጠችም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ልጁን በማትችለው አማርኛ ታናግረው ጀመር። እጅግ አፈርን።

ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። እኛ ራሳችን መድረሳ ገብተን ቁርኣንን በዐረብኛ ቀራን፤ ማብራሪያውን በአማርኛ ሰማን። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ በአርጎብኛ ስንመልስ ክፍሉ ሳቀብን፤ አስተማሪው «አስተካክለህ ተናገር» አለን። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ እህት በመሆኑ ለማያውቀው ሰው የተሳሳተ አማርኛ ይመስላል። አድገን አስተማሪ ስንሆን እኛም ያንኑ እርማት በሌሎች ልጆች ላይ ደገምነው። አላህ ይማረን!

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለው ከ140 ሺህ በላይ ነበር፤ አፍ መፍቻዬ አርጎብኛ ነው ያለው ግን 44 ሺህ ያህል ብቻ። በአልዩ አምባ አካባቢ አርጎባው ወደ አማርኛ፣ በሐረር ዙሪያ ደግሞ ወደ ኦሮምኛ ዞሯል። ማንም በግድ አላስጣለውም፤ ገበያው፣ ጋብቻውና ትምህርቱ በሌላ ቋንቋ ሲሆኑ ወላጅ ለልጁ የሚጠቅመውን መረጠ። እኛም እንዲሁ አደረግን።

አማርኛን አንጠላም፤ ይኸው የምንጽፈው በእርሱ ነው። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አር-ሩም የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከታምራቶቹ ቆጥሮታል። ታምር ብሎ የጠራውን እኛ ስህተት ልንለው እንዴት ደፈርን?

ከዒድ ከተመለስን ወዲህ በክፍላችን አርጎብኛ የሚናገር ልጅ ሲያጋጥመን «ተሳስተሃል» አንልም። «ይህ አርጎብኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ እንዲህ ይባላል» እንላለን። ቤታችን ውስጥ የእራት ሰዓት የአርጎብኛ ሆኗል። እኛው ራሳችን ቃል ሲጠፋን ለእናታችን ስልክ እንደውላለን።

ልጃችን ቁርኣን ሲቀራ የ«ሐ» ድምፅ አስቸግሮት ነበር። አማርኛ በጽሑፍ ብቻ ያስቀረውን ይህን ድምፅ የሾንኬ አርጎብኛ ከጉሮሮ ጠብቆታል። አንድ ማታ እናታችንን በስልክ አገናኘነውና፣ «እማማ፣ እንዴት ነው የሚባለው?» አላት። እየሳቀች ደጋግማ አሰማችው። በዚያች ሌሊት አራሚዋ እርሷ ሆነች።

እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ከአንደበታቸው የምንማር አላህ ያድርገን። አሚን።