ጤፋችን ሄግ ደርሶ ተመለሰ

የጥበቃ ካሜራ አምራቾች በፓተንት ተካሰሱ ሲባል “ምን አገባን?” አትበሉ። እናቴ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በጣሳ አስለክታ የምትሸምተው ጤፍም ችሎት ፊት ቀርቧል፤ ያውም ሄግ!

አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ፈረመ። በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2009 ከሰረና ውሉ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። ፓተንቱ ግን አልሞተም። ኤንሸንትግሬይን የተባለው ድርጅት “ፓተንቴን ጥሰሃል” ብሎ ቤከልስን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2018 ዱቄቱ አዲስ የፈጠራ ሥራ እንደሌለበት ገልጾ ፓተንቱን በሆላንድ ሻረው።

ደስ ይላል። የሚከነክነኝ ግን ከሳሹም ተከሳሹም ሆላንዶች መሆናቸው ነው። ጤፋችንን ያስጣለልን የእነሱ ጠብ ነው። ባይጣሉስ ኖሮ?