የክበባትን ገንዘብ ለመያዝ ተወዳድረን ነበር

በተማሪዎች ማኅበር ምርጫ የክበባትን ገንዘብ ለሚቆጣጠረው ወንበር ስማችንን ያስመዘገብን ጊዜ ዓላማችን ምን እንደ ነበር ዛሬ ብንደብቀው ምን ይጠቅመናል? ገንዘቡ ወደ ሥነ ጽሑፍ ክበባችን እንዲያዘነብል ነበር። («እኛ» ማለታችን ለትሕትና ነው እንጂ ተወዳዳሪው አንድ ሰው ነው፤ የተሸነፈውም እንዲሁ።)

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ ክበብ የዓመቱን ዕቅድ ከነወጪው ጽፎ ያቀርባል፤ ኃላፊው ያመዛዝናል፤ ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ያላስረከበ ክበብ አዲስ ገንዘብ አያገኝም። ሣጥኑ አንድ ነው፤ ወደ እርሱ የሚዘረጋው እጅ ግን ብዙ ነው። ይህ መጽሔት የሚባዛበት ወረቀትና ቀለም ሳይቀር ከዚያው ይወጣልና አንባቢ ሆይ፣ አንተም ከተካፋዮቹ አንዱ ነህ።

ለቅስቀሳ ስንዞር አፋችንን የሞላው ታሪክ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ በኮሌጅ ቀን «ደሀው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ባነበበ ጊዜ የተማሪ ግጥም ምን ያህል እንደሚሰማ ታይቷል፤ ታዲያ እንዲህ ያለው ነገር ዛሬ ገንዘብ አጥቶ ይቅር? እያልን በየመኝታ ቤቱ ስንናገር ተጨበጨበልን። ደስም አለን፤ አንዋሽም።

በመጨረሻው የክርክር ማታ ግን ከኋላ ወንበር አንድ ዓይነ ሥውር ተማሪ እጁን አነሣ። የንባብ አገልግሎት ክበብ አባል ነው።

«ወንድሜ፣ የብሬል ወረቀት ወፍራም ነው፤ ዋጋውም እንደ ውፍረቱ ነው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ እናንተ በአንድ ፊደል የምትጨርሱት ብዙ ጊዜ ለእኛ ሁለት ቦታ ይፈጅብናል። በኪስ የሚገባው መጽሐፋችሁ እኛ ዘንድ ሲደርስ በክንድ የሚታቀፍ ጥራዝ ይሆናል። እናንተስ በጠየቃችሁት ገንዘብ ምን ትገዛላችሁ?» አለን።

ዕቅዳችን በኪሳችን ነበር። አውጥተን ማንበብ ጀመርን፤ ለመድረክ ጨርቅ፣ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ፣ ከዚያም ለሻይና ለሳምቡሳ። የሻይና የሳምቡሳው ከቀረው ሁሉ በልጦ ተገኘ። የጻፍነው እኛው ራሳችን ነን፤ ጮክ ብለን እስክናነበው ድረስ ግን ልብ አላልነውም ነበር። አዳራሹ ሳቀ። ጠያቂው አልሳቀም፤ መልስ ይጠብቅ ነበር።

«ብንመረጥ ወረቀቱ ይቀድማል» አልን።

«ለእኛ ትሆናለህ ብለን ብናቆምህ እኛኑ ትቆርጣለህ?» አለን ያን ማታ አብሮን የሚያድር የክበባችን ልጅ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩም ውሸት የለበትም። ሻይ በሌለበት የግጥም ምሽት ስንት ሰው እንደሚመጣ እኛም እናውቃለን። አንድ ጊዜ ለሰባት ሰው አንብበናል፤ ከሰባቱ ሁለቱ ዝናም ያስጠለላቸው ነበሩ።

ድምፅ ሲቆጠር ወደቅን። ከክበባችን ልጆች ስንቱ እንደ ሰጠን አልጠየቅንም። የተመረጠችው ልጅ በማግሥቱ የየክበቡ ዕቅድ እስከ ዓርብ እንዲገባ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች፤ የክበባችንንም ዕቅድ መጻፍ እንደ ወትሮው ለእኛው ተሰጠ። እርሳስ ይዘን ከሳምቡሳው መስመር ፊት ሁለት ማታ ተቀመጥን። እስካሁን የሰረዝነው ግማሹን ነው።